አክስቴ የጫነቻት ሳቂታ

አክስቴ የጭነት መኪና ሾፌር ናት። የሰው ቤት ዕቃ ነው የምታጓጉዘው፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ አንዳንዴም ከነመደርደሪያው አንድ ሙሉ ሱቅ። መኪናዋን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አያቴ ሲደክመው ቁልፉን ለወንድ ልጁ፣ ማለትም ለአባቴ፣ ሊሰጥ ፈልጎ ነበር። አባቴ ግን ከኋላው ጥሩምባ ከተነፋበት መኪናውን ዳር አቁሞ ወርዶ የሚሄድ ሰው ነው። "ለእህቴ ስጣት፤ እሷ እንኳን መኪና መርከብም ብትሰጣት ትነዳለች" አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ሰፈር ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። "እትዬ ቀስ" ነው የሚሏት። ዕቃ ሲጫንና ሲወርድ ከጫኝና አውራጆቹ ፊት ፊት የኋሊት እየሄደች "ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ! ሰው የተሸከማችሁ አስመስላችሁ ያዙት!" ስለምትል ነው። ስትነዳም እንደዚያው ናት። ከኋላዋ የገባ ሾፌር ጸሎቱን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አክስቴ በእጇ የምትፈጥረው ነገር የለም። አልሞከረችም እንዳይባል ሞክራለች። ልጅ ሳለች ስፌት ልትማር ገብታ መምህሯ "አንቺ መርፌ ስትይዢ ጨርቁም አንቺም ትቆስላላችሁ" ብላ አሰናበተቻት። አንድ ቀን ድመት ስላ ለእናቷ ብታሳይ፣ እናቷ አገላብጣ አይታ "ጎበዝ፣ ጥሩ ወንበር ነው" አለቻት። ይህን ሁሉ የምታወራልን ራሷ ናት፤ ያውም እየሳቀች። ሳቋ ደግሞ ሌላ ነው። አገጯን ወደ ሰማይ ታነሳለች፣ ዓይኖቿ ይጠፋሉ፣ ቀኝ እጇ ጉልበቷን መታ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

"መሥራት አልችልም" ትላለች። "ማየት ግን እችላለሁ። መሸከምም እችላለሁ።"

የሚሠሩላት ጓደኞቿ ናቸው። ሦስቱም የልጅነት ጎረቤቶቿ፣ ሦስቱም እዚያው ሰፈር ያረጁ።

አንዱ አናጢ ነው። በርና መስኮት ይሠራል፤ በሰፈራችን የሱን በር ሳይከፍት ሳይዘጋ የሚውል ሰው ያለ አይመስለኝም። ማታ ማታ ግን ከተረፈው እንጨት ወፍ፣ ፍየል፣ የሰው እጅ፣ የሰው ፊት ይቀርጻል። ወሬ አይሆንለትም። ቃል ከአፉ የሚወጣው እሱም በመሮ ተፈልፍሎ ነው።

ሁለተኛዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፣ ምላሷም ከመቀሷ ይልቅ ስለታም ነው። ከመጋረጃና ከሶፋ ልብስ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እየገጣጠመች ግድግዳ የሚያህል የጨርቅ ሥዕል ትሠራለች። ሠርታ ስትጨርስ ጠቅልላ አልጋ ሥር ትከተዋለች። "ማን ይየው ብዬ? አቧራ እንዲያየው?" ትላለች።

ሦስተኛው የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን አኮርዲዮን ይጫወታል። ሰው ሁሉ "ወናፍ" ይለዋል። ግማሹ ስለ አኮርዲዮኑ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ወሬ ሲያወራ እየነፋ ስለሚያሳብጥ። ወናፍ የጠገነው ቧንቧ ሁሉ ሊፈነዳ ትንሽ የቀረው ነበር፤ የገባበት ቤት ሁሉ በጎርፍ ሊወሰድ።

አክስቴ ሥራ ስትጨርስ መኪናዋን አቁማ ካንዳቸው ቤት ጎራ ትላለች። "ቆንጆ ነው" ማለት አታውቅም። የተደፋ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ታያለች፤ ወይም ትሰማለች። ብዙ ከቆየች በኋላ ያየችውን ትናገራለች። አንዴ አናጢውን "ይቺ ወፍ ጫማ ያደረገች ትመስላለች" አለችው። ሰውየው አኮረፈ። ሰላምታ እንኳ ሲሰጣት በግማሽ አፍ ሆነ። ከዚያ የወፏን እግሮች ፈልፍሎ፣ አቅጥኖ፣ ጫፋቸውን ብቻ እንጨቱ ላይ ትቶ አመጣት። አክስቴ ስታያት ሳታስበው ሁለት እጇን ዘረጋች፤ እንዳታመልጥ ልትይዛት። አናጢው በዚያ ቀን እስከ ጆሮው ድረስ ፈገግ አለ። ወፏን ሰጣት፤ እሷም ጋቢና ውስጥ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠቻት።

መጋረጃ ሰፊዋን "ይሄን ሰማያዊ ሳየው ጥርሴን ቀዘቀዘኝ" ብላታለች። ወናፍ አዲስ ዜማ ሲጫወትላት መሀል ላይ አስቆመችው። "እዚህ ጋ ደረጃ የምወጣ መስሎኝ እግሬን አነሳሁ፤ እስቲ ድገመው።" ወናፍ ያቺን ቦታ እየደጋገመ ሲጫወት ነጋበት ይባላል፤ ይህን ያለው ግን ራሱ ወናፍ ስለሆነ እኔ አላረጋግጥም።

ከጓደኞቿ ስትለይ ደግሞ ወሬዋ ሁሉ ስለ እነሱ ነው። ሰው አልጋውን ሊያስጭን መጥቶ ስለ አናጢው ፍየል ሰምቶ ይሄዳል። ባለ ዕቃዎቹ አጠገቧ ጋቢና ውስጥ ስለሚቀመጡ ማምለጫ የላቸውም።

አንድ ቀን አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ግን ማምለጥ አልፈለጉም። ቤት እየቀየሩ ነበር። መንገዱን በሙሉ ዓይናቸው ከወፏ አልተነቀለም።

"የማን ሥራ ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር" አለች አክስቴ። "የጓደኛዬ ነው። በር ሠሪ ነው።"

ለካ ሴትዮዋ አዲስ የሚከፈተው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው። ለመግቢያው አዳራሽ አንድ ትልቅ የእንጨት ቅርጽ ይፈልጋሉ፤ ሰው ገና ሲገባ ፊት ለፊት የሚቀበለው። የዚያኑ ዕለት ዕቃቸው ሳይፈታ አክስቴ ይዛቸው አናጢው ዘንድ ሄደች።

አናጢው ነገሩን ሲሰማ መላጊያውን አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ። "እኔ በር ሠሪ ነኝ።"

"በር ሠሪ ከሆንክ ይኸው በር ተከፈተልህ" አለችው አክስቴ። "ምን ትገተራለህ? ግባ!"

ገባ። በዝናብ ወቅት ከመንገድ ዳር የተገነደሰ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ግንዱን ጭና ያመጣችለት እሷ ናት። ጫኝና አውራጆቹ በመከራ ወደ ውስጥ አስገቡት። አናጢው ከዚያ በኋላ በሩን ዘጋ። ለማንም አላሳይም አለ፤ ለሷም ጭምር።

አክስቴ በዚያ ሰሞን ያየችውን ፍዳ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አብሬያት ነው የምኖረው። እንቅልፍ አጣች። ሰበብ እየፈለገች ትሄድበታለች። አንዴ "መዶሻ አበድረኝ" ብላ፣ አንዴ "ያበደርከኝን መዶሻ ላመጣልህ ነው" ብላ። አናጢው በሩን ገርበብ አድርጎ ትከሻውን በክፍተቱ ይደነቅራል። ከኋላው የሚታየው ሳጋቱራ ብቻ ነው። "ቢያንስ እንስሳ ነው ሰው?" ትለዋለች። "እንጨት ነው" ይላታል።

ሥራው ያለቀ ቀን ሁላችንንም አስጠራን። እኔ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። አናጢው በሩን ከፍቶ ወደ ጎን ቆመ።

አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብላለች። ብትቆም ጣሪያውን ትነካለች። አገጯ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ትስቃለች። እንደ ፎቶ ፈገግታ ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ፣ ትከሻ የሚያነቃንቅ ሳቅ ነው። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበቶች ጉንጯ ላይ እየከበቡ ይሄዳሉ፤ ሳቁ ከአፏ ተነስቶ ፊቷን እያዳረሰ ያለ ነው የሚመስለው።

ወናፍ እንኳ የሚያሳብጠው ነገር አጣ። አክስቴ አንዴ ዞረቻት። ሁለቴ ዞረቻት። ከዚያ ሣጥን ስባ ተቀመጠች።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለ አናጢው፤ ላቡ በግንባሩ ወርዷል።

"ቆይ" አለችው በሹክሹክታ። "ስቃ ትጨርስ።"

አናጢው ዓይኑን ለመጥረግ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ደስታው ገና ሳይበርድ መጋረጃ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የሴትዮዋን ትከሻ ለካች፤ ቀጥላ በሩን ለካች። ሁለቱን እያስተያየች ቆየችና "አንተ በር ሠሪ" አለች፣ "ይሄን በር ለማን ብለህ ነው የሠራኸው? ለድመት?"

አናጢው በሩን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። ግንዱ ሲገባ ተጋድሞ ነው፤ ተቀምጣ የምትስቅ ሴትዮ ግን አትጋደምም፤ ብትጋደም የተነሳው አገጯና የተዘረጋው እጇ ይሰበራሉ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሁሉ በር ሲለካ የኖረ ሰው የገዛ ሥራውን ከበሩ ጋር ማስተያየት ረስቷል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ድንገት መጋዙን አነሳ።

"ከወገቧ እቆርጣታለሁ። እዚያ ወስጄ እገጥማታለሁ። ማንም አያውቅም።"

አክስቴ ዘላ በመሀል ቆመች። "ቀስ! ቀስ በል፣ አንተ ሰው! እኔ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እሷን ከምትቆርጥ ግድግዳውን ቁረጥ!"

"በሩን የሠራሁት ገና ሥራ ስጀምር ነው" አለ አናጢው እያቃሰተ። "የመጀመሪያዬ ነው።"

"በሩን ማን ነካብህ? ቀስ ብለን ከነመቃኑ እናወጣዋለን። የሚፈርሰው ጡብ ነው፤ ጡብ ደግሞ ሆድ አይብሰውም።"

ወናፍ ቤቱ ሮጦ የቧንቧ መፈልፈያውን ይዞ መጣ። አናጢው ማጠፊያዎቹን በገዛ እጁ ፈታ፤ በሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ግቢው ጥግ አስደገፈው። ከዚያ ጡቡን ተያያዝነው። ጎረቤት ጫጫታውን ሰምቶ ሲመጣ ግድግዳው ተከፍቶ፣ በአቧራው መሀል አንዲት ግዙፍ ሴትዮ ስትስቅ አየ። ሲያይ ጊዜ እሱም ሳቀ። ሊረዳ እጅጌውን ሰበሰበ። ሌላውም መጣ።

መጫኑ ላይ አክስቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ "ቀስ" አለች። ሴትዮዋን ከጋቢናው ኋላ ባለው የጭነት ቦታ፣ ካሶኒው ላይ፣ ስናወጣት ቦታው የበቃት ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ ስትቀመጥ ብቻ ሆነ። ብርድ ልብስ ጠመጠምንባት፤ አልበቃም፤ ትከሻዋና ጀርባዋ ብረቱን ሊነኩ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ወጣች። ስትመለስ ከአልጋዋ ሥር ያወጣችውን ትልቅ ጥቅልል ታቅፋለች።

"ይሄማ መታየት ነው ያለበት እንጂ…" ብላ አክስቴ ጀመረች።

"ጨርቅ አይደል? ይሸፍናት። ሐሳቤን ሳልቀይር ተቀበዪኝ።"

ሥዕሉ እንዳይቆሽሽ ገልብጠን ከላይ አለበስናት። አናጢውና እኔ ግራና ቀኝ ይዘናት ተቀመጥን። ወናፍ "ሚዛን ልጠብቅ" ብሎ ወጣ፤ አኮርዲዮኑን ታቅፎ እንዴት ሚዛን እንደሚጠብቅ የጠየቀው የለም። መጋረጃ ሰፊዋ ጋቢና ገባች፤ ተንቀሳቀስን።

አክስቴ እንደ ወትሮዋ ትሳባለች። ከኋላችን መኪና ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ሾፌር ጥሩምባውን ሊነፋ እጁን ሲያነሳ አየሁት። ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ ፊት ለፊቱ ትስቃለች። እጁ አየር ላይ ቀረ። አየት አደረገ፤ መልሶ አየ፤ ጥርሱ ብልጭ አለ። አጠገቡ ያለችውን ሚስቱን በክርኑ ነካ ሲያደርጋት እሷ አፏን ይዛ ጎንበስ አለች። ከሱ ኋላ ያለው ደግሞ እነዚህ ምን ሆኑ ብሎ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

አደባባዩን ስንዞር ነፋስ መጣ። የመጋረጃ ሰፊዋ ጨርቅ ከአንድ ጎኑ ተፈታና ተገልብጦ ተዘረጋ። እኔም ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። የቤት ጣሪያዎች፣ በየጣሪያው ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የሶፋ ቀይ የሆነች ፀሐይ፣ ያ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ ሰማያዊ። ከሴትዮዋ ትከሻ ላይ እንደ ካባ ይውለበለባል። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች በአንድ ላይ ብድግ አሉ። አንዷ "ኧረ የማን ሠርግ ነው?" ብላ ጮኸች። ወናፍ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ አኮርዲዮኑን ከፈተ። ያንን ደረጃ የሚያስወጣ ዜማ ነበር። አናጢው ደንግጦ የሴትዮዋን ጉልበት አቀፈ፤ ቆይቶ ግን እግሩ ካሶኒውን መምታት ጀመረ።

መብራት ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ወጣት ነው። መንገዱ ከኋላችን እስከ ጥግ ሞልቷል፤ ጥሩምባ የሚነፋ ግን የለም፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል።

"እናቴ፣ ምንድነው የጫኑት?" አለ በመስኮት በኩል።

"ሴትዮ ናት፣ ልጄ።"

"ሴትዮዋንማ አየኋት።" ወደ ኋላ ሄዶ ቀና ብሎ ተመለከተ፤ ተመልሶ አክስቴን አየ። እንደገና ሄደ። ተመለሰ። "እህትዎ ናት እንዴ?"

አክስቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። እንጨት እህት! አገጯ ወደ ላይ ተነሳ፣ ዓይኖቿ ጠፉ፣ እጇ ጉልበቷን መታ። ፖሊሱ ጣቱን ወደሷ ቀሰረ። "ይኸው! ይኸው እኮ ራሷ ናት!"

ያኔ ሁላችንም አየን። ያን ያህል ጊዜ ስናያት ቆይተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የነበረውን ነገር አላስተዋልንም። አክስቴ ሳቋን በመሀል አቆመች። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች፤ በካሶኒው ዙሪያ ሄዳ ከሴትዮዋ ፊት ቆመች። ስትስቅ ራሷን የት አይታ ታውቃለች? መንገዱ ሁሉ ጠበቃት።

"አንተ" አለች አናጢውን፤ "እኔ ነኝ?"

አናጢው የሴትዮዋን ጉልበት እንዳቀፈ መሬት መሬት አየ። "ደስ የሚል ነገር ሥራ አሉኝ። ሌላ ምን ላስብ ነበር?"

ለሰው ሥራ ቃል የማታጣው አክስቴ አፏ ተያያዘ። "ጥሩ ነው" አለች በመጨረሻ። "ቆንጆ ነው።"

"ይኸው ነው?" መጋረጃ ሰፊዋ ከጋቢናው አንገቷን ብቅ አድርጋ ጮኸች። "ለኛ ጥርሴን ቀዘቀዘኝ፣ እግሬን አነሳሁ ስትይ ኖረሽ፣ ለራስሽ ሲሆን ቆንጆ ነው?"

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካክሎ ሳቁን ዋጠና የቀሩትን መኪናዎች በሙሉ አስቁሞ አሳለፈን። አክስቴ በእጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ መሪዋን ያዘች። ከዚያ በኋላ በነዳችው ፍጥነት እግረኛ ሁሉ ቀደመን፤ ማንም ግን አልቸኮለም።

ቤተ መጻሕፍቱ በተመረቀበት ቀን የአዳራሹ መቀመጫ አልበቃ ብሎ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። ኃላፊዋ ንግግር እንዲያደርግ አናጢውን ጋበዙት። ሰውየው መድረክ ላይ ሲወጣ ለሱ እኔ ተሳቀቅሁ። ሱሪውን ሁለቴ ሳብ አደረገ።

"ማታ ማታ ስሠራ" አለ፣ "አንድ ሰው መጥቶ ያይልኛል። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይልህ በነጋታውም ትሠራለህ። እኔ በዚህ ነው የሠራሁት።" ወረደ። እንዲህ ረጅም ንግግር ሲያደርግ አይተነው አናውቅም።

ኃላፊዋ ግን ሐውልቷን ባደረስንበት ቀን በር ላይ ቆመው ሲቀበሉን ያዩትን ካባ አልረሱትም ነበር። ለልጆች ክፍል ግድግዳ ፈለጉት። መጋረጃ ሰፊዋ "ቆሽሿል፤ አጥቤው ልምጣ" አለች ኮስተር ብላ። እቤት ስትገባ ጥቅልሎቹን ሁሉ ከአልጋ ሥር አውጥታ ግቢው ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ሰፈሩ እየመጣ አየላት። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለው ሣር ላይ ደግሞ ወናፍ በሳምንት አንድ ቀን መጫወት ጀመረ። እሱ ሲያወራው በጉዟችን ላይ አንድ ሙሉ የፖሊስ ጓድ በሞተር ብስክሌት አጅቦናል። አናጢውም የፈረሰውን ግድግዳ መልሶ አልደፈነውም። ሰፊ ባለ ሁለት ተከፋች በር ሠራበት፤ ለቀጣዩ ሥራ ብሎ።

ባለፈው እሑድ ከአክስቴና ከአናጢው ጋር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። እሷ ሐውልቷን ማየት ትታለች። ጥግ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚያዩዋትን ሰዎች ነው የምታየው። አንድ ጋዜጣ በብብታቸው የያዙ፣ ፊታቸው የተኮሳተረ ሽማግሌ ገቡ። ሐውልቷን አለፏት፤ ቆሙ፤ ተመለሱ። አገጫቸው ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሳና አንድ ትልቅ ሳቅ አመለጣቸው። ያየኝ አለ ወይ ብለው ዙሪያውን ቃኙ፤ ጋዜጣቸውን አስተካክለው ወደ ንባብ ክፍሉ ገቡ።

አክስቴ አናጢውን በክርኗ ጎሸመችው። "አየህ?"

"ምኑን?"

"ሰውዬውን ነዋ! እንደዚያ ተቋጥረው መጥተው!" ደስታዋ አላስቀምጥ አላት፤ ብድግ አለች። "በል፣ አሁንስ ምን ልትሠራ ነው?"

"አላውቅም። እንጨትም የለኝም።"

"ታዲያ ምን እንጎለታለን?" አለችና የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። "ተነሱ፤ እንጨት ፍለጋ እንሂድ።"